በልጅነት የሚደርስ ማኅበራዊ ጭንቀት በአንጎል ዕድገትና በጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ መምህራንና ልጆችን በአደራ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በልጅነት የሚደርስ ማኅበራዊ ጭንቀት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ልጅ በዙሪያው ካሉ ሰዎች፣ ወይም ከሰው ማጣት የሚደርስበት ጭንቀት ነው። ከእናት ወይም ከዋና አሳዳጊ መለየት፣ ሲያለቅሱ የሚያነሣ ማጣት፣ ከአንዱ ሞግዚት ወደ ሌላው መተላለፍ፣ መደብደብና መሰደብ፣ በቤት ውስጥ ጠብ እያዩ ማደግ፣ ከእኩዮች መገለል ሁሉም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ረሃብና በሽታም አካልን ያስጨንቃሉ፤ ብዙውን ጊዜም ከማኅበራዊው ጭንቀት ጋር ተደራርበው ስለሚመጡ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ቀላል አይደለም።

ሆኖም ምግብ ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ ያሳየ ሙከራ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃሪ ሃርሎ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገና የተወለዱ ጦጣዎችን ከእናቶቻቸው ለይቶ፣ አንዷ ከሽቦ ሌላዋ ከለስላሳ ጨርቅ ከተሠሩ ሁለት ምስለ እናቶች ጋር አኖራቸው። ወተቱ የሚገኘው ከሽቦዋ በሆነ ጊዜ እንኳ ጦጣዎቹ ጠብተው ወዲያው ወደ ጨርቋ እየተመለሱ ቀኑን ሙሉ እርሷን አቅፈው ይውሉ ነበር። ከተወለዱ ጀምሮ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ ለብቻቸው የተዘጉት ደግሞ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀሉ መጫወት አቃታቸው፤ ጥግ ይዘው ይወዛወዙ፣ የገዛ አካላቸውን ይነክሱ ነበር።

ጭንቀት ሁሉ ልጅን ይጎዳል?

አይጎዳም። ክትባት የሚወጋ ወይም ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን የዋለ ልጅ ልቡ ይመታል፣ ያለቅሳል፤ እናቱ ስታቅፈው ደግሞ ይረጋጋል። እንዲህ ያለው ጭንቀት ልጁ መጨነቅንም መረጋጋትንም የሚለማመድበት ስለሆነ ለዕድገቱ ያስፈልገዋል። የሚያሳስበው ብርቱ የሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገምና ከሁሉ በላይ የሚያረጋጋ አዋቂ የሌለበት ጭንቀት ነው። አባታቸው የሞተባቸው ሁለት ልጆች ሐዘኑ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው ከጎኑ ሰው ስላለው ሌላው ግን ስለሌለው ብቻ የሚደርስባቸው ጉዳት በእጅጉ ሊለያይ ይችላል።

ሕፃን ምን ያውቃል? ሲያድግ ይረሳው የለም ወይ?

እንዲህ የሚሉ ሰዎች የያዙት ግማሹን እውነት ነው። ከ3 ዓመታችን በፊት የሆነብንን ነገር አብዛኞቻችን አናስታውስም፤ አንድን ክስተት ከነቦታውና ከነጊዜው ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በዚያ ዕድሜ ገና እየተደራጀ ነውና። ነገር ግን ሕፃኑ ድርጊቱን ባያስታውሰውም፣ ሰውነቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደነግጥና በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋጋ፣ የሰው ፊት ሲያይ ይቅረብ ወይስ ይራቅ የሚለውን የሚማረው በእነዚሁ በማይታወሱ ዓመታት ነው።

ሕፃናት የሚያስተውሉትም ከምንገምተው በላይ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ከልጇ ጋር ስትጫወት የቆየች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ምንም ስሜት የማይታይበት አድርጋ እንድትቆይ ትጠየቃለች። ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ሕፃን ወዲያው ነገሩ ይገባዋል፤ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ እጁን ይዘረጋል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል፣ በመጨረሻም ያለቅሳል። እናቱ ወደ ጨዋታው ስትመለስ ይታረቃታል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ተክዞ ወይም ደክሞ መዋል ልጅን አይጎዳም። ይህ ሁኔታ የዘወትር ኑሮው የሆነበት ሕፃን ግን የሚያድገው በሌላ መንገድ ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

አደጋ ሲመጣ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋሉ፤ አድሬናሎቹም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ አድርጎ ሰውነትን ያዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ፣ በሂፖካምፐስና በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ያሉ ተቀባዮች ኮርቲሶሉ እንደበዛ ለይተው ምርቱ እንዲቆም ያደርጋሉ። ጭንቀቱ ፋታ ሲያሳጣ ይህ የማቆሚያ ሥርዓት ይዛባል። በአንዳንድ ልጆች ኮርቲሶሉ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ለረጅም ጊዜ ችላ በተባሉት ላይ ደግሞ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ሊል የሚገባው የዕለት መጠን ከጠዋት እስከ ማታ ሳይለዋወጥ ይውላል።

ይህ መዛባት እንዴት ሥር እንደሚሰድ ያሳየው በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በማይክል ሚኒ የሚመራው ቡድን ነው። ቡድኑ ልጆቻቸውን አዘውትረው የሚልሱና የሚንከባከቡ እናት አይጦችን፣ እምብዛም ከማይልሱት ጋር አነጻጸረ። ብዙ የተላሱት ልጆች ሲያድጉ በቀላሉ የማይደነግጡ ሆኑ፤ በሂፖካምፐሳቸው ውስጥ ያሉት የኮርቲሶል መሰል ሆርሞን ተቀባዮችም የበዙ ነበሩ። በ2004 በታተመው ሥራቸው ልዩነቱ የመጣው ተቀባዩን የሚሠራው ጂን ላይ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት በመብዛቱ ወይም በማነሱ እንደሆነ አሳዩ። ከማትልስ እናት የተወለደውን ወስደው ለምትልሰው ሲሰጡ ልጁ አሳዳጊዋን መሰለ እንጂ ወላጁን አልመሰለም። በእኔ እምነት በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ የእናት መዳሰስ በጂን አሠራር ላይ ሳይቀር አሻራውን እንደሚተው በዓይን አሳይቷልና።

ሌሎች ሁለት ክፍሎችም ይነካሉ። አሚግዳላ አደጋን ለይቶ የማስጠንቀቅ ሥራ አለው፤ ክፉ በበዛበት ቤት ያደገ ልጅ አሚግዳላው ለቁጡ ወይም ለፈራ ፊት ፈጥኖና በርትቶ ምላሽ ይሰጣል። ከግንባር በስተጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ደግሞ ስሜትን የሚገታ፣ ነገን የሚያቅድና ትኩረትን የሚጠብቅ ክፍል ሲሆን፣ ዕድገቱ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ስለሚዘልቅ ለረጅም ዘመን ለጉዳት የተጋለጠ ነው፤ በዚያው ልክም ለረጅም ዘመን ሊሻሻል ይችላል።

በሰው ልጅ ላይ እንዲህ እንደሚሆን በምን ታወቀ?

ሕፃን ልጅን ለጥናት ብሎ ማስጨነቅ አይፈቀድም፤ የአንድ አገር ፖሊሲ ግን ይህንኑ አደረገ። የሮማኒያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት በ1966 ፅንስ ማቋረጥን ከለከሉ። ማሳደግ ያልቻሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያዎች እየሰጡ፣ አገዛዙ በታኅሣሥ 1989 ሲወድቅ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ልጆች በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ተገኙ። አልጋዎቹ በመደዳ ተደርድረዋል፤ አንዲት ሞግዚት ከአሥር በላይ ልጆችን ትይዛለች፤ መብላቱም፣ መታጠቡም፣ ፖፖ ላይ መቀመጡም በሰዓት ነው። ክፍሎቹን የጎበኙ ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስደነገጣቸው ጸጥታው ነበር፤ ማልቀስ ማንንም እንደማያመጣ ሕፃናቱ ተምረዋል።

በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከ6 እስከ 31 ወር የሆናቸውን 136 የማሳደጊያ ልጆች መዝግበው፣ ግማሾቹን በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ሰጡ። ሌሎቹ በነበረው አያያዝ ቀጠሉ። ልጆቹ 42 ወር ሲሞላቸው በተደረገ የአእምሮ ችሎታ ፈተና፣ በማሳደጊያ የቀሩት አማካይ ውጤት 77 ገደማ፣ ወደ አደራ ቤተሰብ የሄዱት 86 ገደማ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ያደጉት የከተማዋ ልጆች ደግሞ 103 ገደማ ሆነ። በኋላ ኤምአርአይ በተባለው የአንጎልን ምስል በሚያነሣ መሣሪያ ሲታዩ፣ በማሳደጊያ ያለፉት ሁሉ የነርቭ ሕዋሳት የሚበዙበት የአንጎላቸው ግራጫ ክፍል አንሶ ተገኘ፤ የነርቭ መስመሮች የሚያልፉበት ነጩ ክፍል ግን ቤተሰብ ባገኙት ልጆች የማገገም ምልክት አሳይቷል።

ግማሾቹን በማሳደጊያ መተው ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል፤ መከራከሩም ተገቢ ነው። በወቅቱ በከተማዋ አደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር ከስም ያለፈ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ አደራ ቤተሰቦቹን ራሳቸው አደራጁ፤ የትኛውም ልጅ ቤተሰብ ካገኘ ከማሳደጊያው እንዳይወጣ አልከለከሉም። ሮማኒያ በ2004 ባወጣችው ሕግ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው በቀር፣ ወደ ማሳደጊያ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ዕድሜውም በኋላ ወደ 3 ዓመት ከፍ ብሏል።

በጠባይ ላይ እንዴት ይታያል?

በአንድ መልክ አይታይም። አንዳንዱ ልጅ ይቆጣል፣ ይማታል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይገለላል፤ ሌላው ደግሞ መቀመጥና ማተኮር ያቅተዋል፤ አስተማሪውም ሰነፍ ወይም ባለጌ ይለዋል። ሁልጊዜ አደጋ የሚጠብቅ አንጎል የሌላውን ልጅ ያልታሰበ ግፊያ እንደ ጥቃት ሊያየው ስለሚችል፣ ያለምክንያት የመጣ የሚመስለው ጠብ ለልጁ ምክንያት ያለው ነው።

ብዙ ሰው በጎ ጠባይ ነው ብሎ የሚያልፈው ምልክትም አለ፤ ልጁ ለማንም እንግዳ ሳይለይ መቅረቡ ነው። በቡካሬስቱ ጥናት ውስጥ ልጁ በሩን ከአሳዳጊው ጋር ሲከፍት የማያውቀው ሰው ቆሞ «ና፣ የማሳይህ ነገር አለ» ይለዋል። በቤተሰብ ያደገ ልጅ ወደ አሳዳጊው ይጠጋል ወይም ፊቷን ያያል። በማሳደጊያ ካደጉት ውስጥ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ሳያዩ እንግዳውን ተከትለው ወጡ። ይህ ተግባቢነት አይደለም፤ የእኔ የሚለው ሰው ከሌላው ሰው ተለይቶ በልቡ አለመቀመጡን የሚያሳይ ነው።

ዕድሜው ካለፈ በኋላ ይስተካከላል? የጊዜ ገደብ አለው?

ቀድሞ መድረስ ብዙ ይጠቅማል፤ ሁሉንም የሚወስን አንድ ቀን ግን የለም። በቡካሬስት ከ2 ዓመታቸው በፊት ቤተሰብ ያገኙት ልጆች ከአሳዳጊያቸው ጋር የተሻለ ትስስር ፈጠሩ፤ በ8 ዓመታቸውም የአንጎላቸው ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት ጋር ተቀራረበ። ቋንቋን በተመለከተ ገደቡ ወደ 15 ወር ዝቅ ይላል። በብሪታንያ ማይክል ራተር የጀመረው ሌላ ጥናት 165 በጉዲፈቻ የተወሰዱ የሮማኒያ ልጆችን እስከ አዋቂነት ተከታትሏል፤ በማሳደጊያ ከ6 ወር ያነሰ የቆዩት ከእንግሊዛውያን የጉዲፈቻ ልጆች ብዙም አልተለዩም፤ ከዚያ በላይ የቆዩት ግን በትኩረትና በማኅበራዊ ኑሮ ረገድ ያላቸው ችግር አብዛኞቹን እስከ አዋቂነት ተከትሏቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ወደ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት በየትኛውም ወቅት ምንም ችግር አልታየባቸውም።

ዘግይቶ የሚመጣ ዕድልም አለ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሜጋን ጋናር ቡድን በ2019 እንዳሳየው፣ በማሳደጊያ ከኖሩ በኋላ ጥሩ ቤተሰብ ያገኙ ልጆች በጉርምስና ጊዜ የኮርቲሶል ምላሻቸው ወደ እኩዮቻቸው ተጠግቷል። ከሃርሎ ጦጣዎች መካከል ለ6 ወር ተዘግተው የነበሩትን ያዳኗቸው ደግሞ በዕድሜ የሚያንሷቸው የ3 ወር ጦጣዎች ናቸው፤ ትንንሾቹ ሳይማቷቸው እየተጠጉ፣ እያቀፏቸውና እያጫወቷቸው ቀስ በቀስ ከጥጋቸው አወጧቸው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። በጃማይካ ኪንግስተን በ1986 እና በ1987 በተጀመረ ጥናት፣ የጤና ሠራተኞች ዕድገታቸው የቀነጨረ ሕፃናትን ቤት በሳምንት አንድ ቀን እየሄዱ ለ2 ዓመት እናቶችን በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አስተማሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በለጠ። በአገራችንም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተኙ ሕፃናት ከሕክምናው ጋር በቤተሰባቸው አማካይነት ጨዋታ ሲጨመርላቸው የአካል እንቅስቃሴያቸውና የእጅ ቅልጥፍናቸው ተሻሽሏል።

እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ ይጎዳል?

መጎዳቱ የሚወሰነው በመለያየቱ ብቻ አይደለም። ልጅ የሚያስፈልገው ሲያለቅስ የሚመጣለት፣ ጠባዩን የሚያውቅና ነገም በቦታው የሚገኝ ሰው ነው፤ ይህ ሰው አያቱ፣ አክስቱ ወይም ታላቅ እህቱ ልትሆን ትችላለች። እናቱ ከመሄዷ በፊት ከአያቱ ጋር የተላመደና ከእርሷ ዘንድ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ልጅ፣ ገንዘብ በተላከ ቁጥር ከአጎት ቤት ወደ አክስት ቤት ከሚዘዋወረው ይልቅ ተጠብቋል። ለልጁ ሳይነግሩ በተኛበት መሄድ፣ ከዚያም «ሱቅ ሄዳለች» ማለት ግን የቀረውን አመኔታ ያናጋዋል።

ችላ የሚባለው ጊዜ የመመለሻው ነው። እናቱ ስትመጣ ልጁ አያቱን «እማዬ» ቢላት፣ ከእርሷ ዘንድ አልሄድም ብሎ ቢያለቅስ እናቱን መካዱ አይደለም፤ የያዘውን ላለመልቀቅ የሚያደርገው ነው። አያቲቱን ድንገት ከሕይወቱ ማውጣት ሁለተኛ መለያየት ስለሚሆንበት፣ ወራት ቢፈጅም በአንድ ላይ ቆይቶ ቀስ በቀስ መቀራረቡ ይሻለዋል።

እኛም ተገርፈን አድገናል፤ ቁንጥጫና ልምጭ በእርግጥ አንጎል ይጎዳል?

ተገርፎ ያደገ ሁሉ አይታመምም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በልጅነታቸው ለዓመታት በከባድ ሁኔታ የተገረፉ ወጣቶች በፕሪፍሮንታል ኮርቴክሳቸው ያለው ግራጫ ክፍል ካልተገረፉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ ድብደባ ያልደረሰባቸውን፣ መቀመጫቸውን በእጅ በመመታት ብቻ የተቀጡ ልጆችን መርምሮ፣ የፈራ ሰው ፊት ሲያዩ አንጎላቸው ካልተመቱት ልጆች ይበልጥ እንደሚነሣ አግኝቷል። በበርበሬ ማጠን፣ በአለንጋ መግረፍና አስሮ ማሳደር በየትኛውም መለኪያ ከቀላል ቅጣት አይቆጠሩም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ብዙ መምህር ግን ዛሬም ልምጩን አልጣለም።

ችላ መባልና መመታት በአንጎል ላይ አንድ ዓይነት ጉዳት ያደርሳሉ?

አያደርሱም፤ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ ግን ይቀላቀላሉ። ኬቲ ማክላክሊንና ማርጋሬት ሸሪዳን የተባሉ ተመራማሪዎች ጉዳቱን ከማስፈራራት የሚመጣና ከማጣት የሚመጣ ብለው ለሁለት ከፍለውታል። የተመታና የተዛተበት ልጅ ይበልጥ የሚነካው የፍርሃትና የስሜት ሥርዓቱ ነው። ያልተመታ ነገር ግን ማንም ያላነጋገረው፣ ያላጫወተው ልጅ ደግሞ የሚጎዳው በቋንቋ፣ በማቀድና በትኩረት ላይ ነው፤ አንጎል የማይጠቀምባቸውን የነርቭ ግንኙነቶች እየቆረጠ ስለሚያድግ፣ ያልቀረበለት ነገር የሚሠራበት መስመር ይሳሳል። ስለዚህ «እኔ ልጄን አልመታም» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ በዝምታ ውስጥ የሚያድግ ልጅም አለና።

ጭንቀቱ በዘር ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል?

በአይጦች ላይ የታየው የሜቲል ምልክት ሰውን ስለመንካቱ ማስረጃ አለ። በ2009 የማክጊል ተመራማሪዎች ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ብቻ በኮርቲሶል ተቀባዩ ጂን ላይ ምልክቱ እንደበዛባቸው አገኙ። ይህ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ ነው። በእንቁላልና በዘር ፈሳሽ በኩል ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል የሚለው በሰው ላይ አልተረጋገጠም፤ አብዛኛው ምልክት በፅንስ መጀመሪያ ላይ ይጠረጋል።

በሚገባ የሚታወቁት የመተላለፊያ መንገዶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው እርግዝና ነው፤ የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን ኮርቲሶል አብዛኛውን ሰብሮ ከፅንሱ ቢከላከልም ከባድና ረጅም ጭንቀት ይህን መከላከያ ሊያሳሳው ይችላል። ሁለተኛው አስተዳደግ ራሱ ነው፤ ሲያለቅስ ተቆጥተውት ያደገ ሰው የልጁን ለቅሶ መቋቋም ይከብደዋል። ሁለተኛው በድጋፍ ሊለወጥ የሚችል በመሆኑ፣ «በደማችን ያለ ነው» እያሉ መተዉን ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም።

ኢንተርኔት ላይ የልጅነት መከራን የሚቆጥር መጠይቅ ሞልቼ ከፍተኛ ነጥብ አገኘሁ፤ ምን ማለት ነው?

መጠይቁ የተወረሰው ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ካደረጉትና በ1998 ከታተመው፣ በአሜሪካ ሳንዲዬጎ ከተማ ከተካሄደው ጥናት ነው። ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፣ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩት ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮልና ለዕፅ ሱሰኝነት፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጥ ዕድላቸው ከ4 እስከ 12 ጊዜ ይበልጥ ነበር።

ይህ የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የአንድ ሰው ምርመራ አይደለም። ነጥቡ መከራው በስንት ዓመት እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ከጎን እንደነበረ አይጠይቅም፤ አንድ ቀን የሆነውና አሥር ዓመት የዘለቀው እኩል አንድ ነጥብ ያገኛሉ። አንዳ ራሱ በ2020 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ነጥቡ የአንድን ሰው ዕጣ ለመተንበይ እንዳይውል አሳስቧል። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራና ትዳር የሚያናጋ ነገር ካለ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚነገረው እርሱ ነው፤ ባለሙያው የሚያየውም ዛሬ ያለውን ምልክት እንጂ የነጥቡን ቁጥር አይደለም።